ጠርሙስ ውስጥ መርከብ ማቆም፦ ልኬቱ፣ ማጠፊያውና ክሮቹ

ጠርሙስ ውስጥ መርከብ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ቀድሞ የሚለካው የጠርሙሱን አንገት ነው። መለካቱ ደግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የመርከቡን መጠን የሚቆርጠው ግን የጠርሙሱ ሆድ ነው። መርከቡ የሚገባው ምሰሶዎቹ ታጥፈው ነው፤ ውስጥ ከደረሰ በኋላ በክር ተስበው ይቃናሉ። የመርከቡ አካል በአንገቱ ዘና ብሎ ያልፍና ምሰሶው ሲቃና ጫፉ መስታወቱን ይነካል። ያን ጊዜ ሸራውም ክሩም ተሠርቶ ስላለቀ ምሰሶውን ማሳጠር አይቻልም። ስለዚህ ከእንጨቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይቅደሙ።

ለምሳሌ የምጠቀመው ብሉኖዝን ነው። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ ሉነንበርግ በምትባል ከተማ በ1921 እ.ኤ.አ. ውኃ ላይ የዋለች፣ ዓሣ ለማጥመድም ለውድድርም የተሠራች ስኩነር የሚባል ዓይነት ባለሁለት ምሰሶ የሸራ መርከብ ናት። ካናዳ ያላችሁ ከ1937 ጀምሮ በ10 ሳንቲሙ ላይ ስላለች ከኪሳችሁ አውጥታችሁ የሸራዎቿን አቀማመጥ ማየት ትችላላችሁ። ለጀማሪ የምትመች ሸራዎቿ ሁሉ ከፊት ወደኋላ የተዘረጉ ስለሆኑ ነው። እንደ ካቲ ሳርክ ባሉ ባለሦስት ምሰሶ መርከቦች ላይ ምሰሶውን አቋርጠው የሚሄዱት አግዳሚዎች እያንዳንዳቸው ዞረው ከምሰሶው ጋር መተኛት አለባቸው። ሥራው በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ መጀመሪያ ላይ አይሞከር።

የብሉኖዝ ርዝመት 43.6 ሜትር፣ ስፋቷ 8.2 ሜትር፣ ዋናው (የኋላው) ምሰሶ ከወለሉ ወደ ላይ 38 ሜትር ገደማ፣ የፊተኛው 31 ሜትር ገደማ ነው። ተራ ባለሦስት ሩብ ሊትር ክብ ጠርሙስ የሆዱ የውስጥ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የአንገቱ ደግሞ 18 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከ75ቱ 10 ሚሊ ሜትር ለባሕሩ ይሄዳል፤ 4 ከባሕሩ በላይ ለሚታየው የመርከቡ ጎን፣ 6 ደግሞ ከምሰሶው ጫፍ በላይ ለሚቀረው ክፍተት። ለምሰሶው የሚተርፈው 55 ነው። 38 ሜትር ወደ 55 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ልኬቱ 1 ለ700 አካባቢ ይሆናል። በዚህ ሂሳብ አካሉ 62፣ ስፋቱ 12፣ የፊት ምሰሶው 45 ሚሊ ሜትር ነው። አንገቱን ብቻ አይቶ 17 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መርከብ የሠራ ሰው የ79 ሚሊ ሜትር ምሰሶ ይዞ ይቀራል ማለት ነው።

የሆዱን የውስጥ ስፋት ከውጭ ለክቶ መገመት አያስተማምንም፤ የመስታወቱ ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል። የቀርከሃ ስንጥር በታሰበው ጠቅላላ ቁመት ቆርጦ፣ ወገቡ ላይ ክር አስሮ ወደ ውስጥ መጣልና በሽቦ ማቆም ይሻላል። ሳይጋፋ ከቆመ ልኬቱ ልክ ነው። አንገቱንም በአፉ ብቻ አትለኩ፤ አንዳንዱ ጠርሙስ ከአፉ ወረድ ብሎ ይጠባል። ወፍራም ወረቀት በ17 ሚሊ ሜትር ስፋት ጠቅልሎ ቱቦ መሥራትና መርከቡን በየደረጃው በዚያ እያሳለፉ መፈተሽ ያስፈልጋል። መታየት ያለበት የጎን ስፋቱ ብቻ ሳይሆን የማዕዘን ለማዕዘን ርዝመቱ ጭምር ነው። 12 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ አካል፣ ከታጠፉት ምሰሶዎችና ከተጠቀለሉት ሸራዎች ጋር 11 ሚሊ ሜትር ከፍታ ካለው፣ ማዕዘን ለማዕዘን 16.3 ይሆናል። ያልፋል፣ ግን ብዙ አይተርፈውም።

ጠርሙሱ ጥርት ያለ፣ ጽሑፍ ያልተቀረጸበት፣ አንገቱ አጭር ይሁን። በቅርጽ ማውጫው የተነሳ በጎንና በጎን የሚወርደው የመገጣጠሚያ መስመር ሲተኛ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ተመልካቹ እንዳይዞር አስቀድሞ ምልክት ይደረግበታል። ሦስት ጎኑ ሰርጎድ ያለው ዲምፕል የተባለው የውስኪ ጠርሙስ በሙያው ሰዎች ዘንድ ከጥንት የተወደደ ነው፤ ሳይንከባለል ይተኛል። ብርሌ ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን ሆዱ ድቡልቡል ስለሆነ ረጅም አካል አያስተኛም፤ ለትንሽ ጀልባ ካልሆነ አይመከርም። ይህ ሥራ በመርከበኞች ዘንድ የተስፋፋው ጥርት ያለ ጠርሙስ እንደ ልብ በተገኘበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ዓመቱ ከተጻፈባቸው መካከል አንጋፋው ተብሎ የሚታወቀው ግን የ1784 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲሆን ጀርመን፣ ሉቤክ ከተማ ሙዚየም ውስጥ አለ። አጠባው ቀላል ነው፦ በሳሙና ታጥቦ፣ በመጨረሻ በአልኮል ተለቅልቆ፣ አፉ ተደፍቶ ሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል። ውስጥ የቀረች የውኃ ጠብታ ኋላ ጉም ሆና ትመጣለች።

ለአካሉ ቃጫው የደቀቀና ቀጥ ያለ እንጨት ያስፈልጋል። ከአሮጌ ሳጥን ወይም በር የተረፈ የዝግባ ቁራጭ እጅግ ጥሩ ነው። ወይራም ይሆናል፤ የቀዳዳው ጠርዝ አይፈርስም፣ ምላጭ ግን ይጨርሳል። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፤ ይቅር። ቁራጩ 75 በ14 በ8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከርዝመቱ ትርፍ የሆነው ከኋላ በኩል እንደ እጀታ ይቆይና አካሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ይቆረጣል። ከላይም ከታችም መሃል ለመሃል መስመር አስምሩ፤ ወረቀት ለሁለት አጥፋችሁ ግማሽ ቅርጹን ቆርጣችሁ ስትዘረጉት ሁለቱ ጎኖች እኩል ይወጣሉ። ከምላጭ ቀጥሎ ደቃቅ ሞረድ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። ወለሉ መሃሉ ላይ ከሁለቱ ጫፎች አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ካላለ መርከብ ሳይሆን ሳጥን ይመስላል። ከውኃ በላይ ያለው ጎን ጥቁር ይቀባል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ ማጠፊያው። ምሰሶዎቹ ወደኋላ ታጥፈው ይገቡና ወደፊት በተሳበ ክር ይቃናሉ። የፊተኛው ምሰሶ ከአፍንጫው (ከመርከቡ የፊት ጫፍ) 19 ሚሊ ሜትር፣ ዋናው ከእሱ 17 ሚሊ ሜትር ወደኋላ ይተከላል። ለምሰሶ ቀርከሃ ነው የምመርጠው። ስቴኪኒ አይሆንም፤ ክሩ ሲወጠር ይጎብጣል። የሥጋ መጥበሻ የቀርከሃ እንጨት ተሰንጥቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት መሃል እየተሽከረከረ ግርጌው 1.5፣ ጫፉ 0.8 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ይቀጥናል። ቀዳዳው ግን ከመቅጠኑ በፊት መበሳት አለበት፤ ከቀጠነ በኋላ ሲበሳ ለሁለት ይከፈላል። መሰርሰሪያው 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያህል ቀጭን ካልተገኘ የስፌት መርፌ ዓይኑ ላይ ተሰብሮ፣ የተሰበረው ጫፍ በሞረድ ጠፍጠፍ ተደርጎ ሲሳል ይሠራል።

ቀዳዳው ከግርጌው 1.2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከጎን ወደ ጎን ያልፋል። በውስጡ 0.4 ሚሊ ሜትር የናስ ሽቦ ይገባና ሁለት እግሮቹ ወደታች ታጥፈው፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር ርቀት በወለሉ ላይ በተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር ይጠልቃሉ። ከዚያ የምሰሶውን ግርጌ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ የኋላ ጠርዙ በሞረድ ይዶለዱማል፣ የፊት ጠርዙ ግን ስል ማዕዘን ሆኖ ይቀራል። ኋላው ካልዶለዶመ ምሰሶው ሲታጠፍ ወለሉን እየገፋ ሽቦውን ይነቅላል። የፊቱ ማዕዘን ደግሞ ምሰሶው ከቆመ በኋላ ወደፊት እንዳይደፋ ወለሉን ተደግፎ የሚያስቆመው ነው። ምሰሶው ወደኋላ ትንሽ እንዲያዘነብል ከተፈለገ የግርጌው መሠረት በዚያው ልክ ሰያፍ ሆኖ ይሞረዳል።

ከምሰሶው ወደ ሁለቱ ጎኖች የሚወርዱት ገመዶች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እነዚህ ገመዶች አካሉን የሚይዙበት ቀዳዳ ከማጠፊያው ጋር ትክክል ወይም ከእሱ ወደኋላ መሆን አለበት፤ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደኋላ ይበቃል። ምሰሶው ወደኋላ ሲተኛ ከኋላው ያለው ቀዳዳ ወደ ምሰሶው ጫፍ ስለሚቀርብ ገመዱ ይላላል፤ ሲቃና ይወጠራል። ቀዳዳው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ወደፊት ካለፈ ነገሩ ይገለበጣል፦ ምሰሶው ሊተኛ ሲል ገመዱ ይጠብቃል፤ በግድ ካስተኙት ወይ ይበጠሳል ወይ ምሰሶውን ያጎብጣል። ገመዱን በየቦታው ከመቋጠር አንድ ረጅም ክር በአካሉ ቀዳዳዎችና በምሰሶው መካከል እያመላለሱ፣ በመጨረሻ በነጭ ኮላ ነጥብ ማሰር ነው። ቋጠሮ በዚህ ልኬት የቡጢ ያህል ይታያል።

ሁለቱን ምሰሶዎች የሚያገናኙት ክሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። በሁለቱም ላይ ከማጠፊያው እኩል ከፍታ ላይ፣ ለምሳሌ 38 ሚሊ ሜትር ላይ፣ የሚታሰረው ክር ምሰሶዎቹ ሲተኙም ሲቆሙም ርዝመቱ አይለወጥም፤ ሁለቱም እኩል ስለሚዞሩ። ስለዚህ በቋሚነት ሊጣበቅ ይችላል፤ የፊተኛው ሲሳብ ዋናውን ይዞት ይነሳል። ከዋናው ጫፍ (55) ወደ ፊተኛው ጫፍ (45) የሚሄደው ክር ግን እንዲህ አይደለም። ሲቆሙ በጫፎቹ መካከል ያለው ርቀት 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲተኙ 27 ይሆናል። ይህ ክር ከተጣበቀ መርከቡ አይታጠፍም። ስለዚህ በፊተኛው ምሰሶ ጫፍ በተበሳ ቀዳዳ በኩል እየተንሸራተተ አልፎ፣ ወርዶ፣ ከአፍንጫው ወደፊት በወጣው እንጨት በኩል መውጣት አለበት።

ከጠርሙሱ ውጭ የሚቀሩት መሳቢያ ክሮች በእኔ አሠራር አራት ናቸው፦ ይህ ክርና ከፊተኛው ምሰሶ ወደ አፍንጫው የሚወርዱት ሦስቱ። እያንዳንዱ 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የጥጥ ክር ጸጉር ስላለው ቀዳዳ ውስጥ ይቸነከራል፤ ቀጭን የፖሊስተር ክር በንብ ሰም ላይ ሁለት ሦስቴ ተስቦ ቢሠራበት ይሻላል። የአፍንጫው እንጨት 12 ሚሊ ሜትር ከአካሉ ይወጣል፤ ቀዳዳዎቹ 0.4 ሚሊ ሜትር ሆነው በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት ይበሳሉ። ሁሉም ጭነት እዚህ ላይ ስለሚያርፍ ይህ እንጨት በአካሉ ውስጥ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር የጠለቀ ይሁን። በየክሩ ጫፍ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ይለጠፋል። ካለዚያ ጠርሙሱ ውስጥ ከገባ በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ ማንም አይለየውም።

ሸራው ቀጭን ወረቀት ነው፤ ጨርቅ በዚህ ልኬት ብርድ ልብስ ይሆናል። በቀጭን ሻይ ነክሮ ማድረቅ ንጣቱን ይሰብረዋል። የስፌት መስመሮቹ በሹል እርሳስ በ1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ይሰመራሉ፤ ከዚያ ሸራው በክብ እርሳስ ላይ ሲሸበለል ንፋስ የሞላው ይመስላል። ዋናው ሸራ ከላይና ከታች ጠርዙ ላይ ከምሰሶው ወደኋላ የሚዘረጋ አግዳሚ እንጨት አለው፤ የሚጣበቀው ከላይኛው አግዳሚ ጋር ብቻ ነው። ከምሰሶውና ከታችኛው አግዳሚ ጋርም ካጣበቃችሁት ሲታጠፍ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደ ወረቀት ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ላይኛው አግዳሚ በክር ብቻ ምሰሶው ላይ ስለታሰረ ወደ ላይ ታጥፎ ከምሰሶው ጋር ይተኛል፤ ሸራውም ላላ ብሎ ይጠቀለልበታል። ሲቆም እንዲያርፍበት የሚፈለገው ማዕዘን ላይ የሚያስቆመው ቁመቱ የተለካ ክር ነው። የታችኛው አግዳሚ ቀድሞውንም ወደኋላ የተዘረጋ ስለሆነ ምሰሶው መጥቶ ላዩ ላይ ይተኛል። ከወለሉ 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከታሰረ ግን ምሰሶው ሲታጠፍ እሱም 4 ሚሊ ሜትር ወደኋላ ይሸሻል፤ ወደ ወለሉ የሚወርደው ክሩ ያን ያህል ላላ ይበል። የፊቶቹ ሦስት ማዕዘን ሸራዎች ምሰሶው ቆሞ ሳለ በመሳቢያ ክሮቹ ላይ በፊት ጠርዛቸው ይጣበቃሉ፤ የታች ጫፋቸው ከአፍንጫው ቀዳዳ 2 ሚሊ ሜትር ይራቅ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ መርከቡን ከጠርሙሱ ውጭ ደጋግሞ ማጠፍና ማቆም የግድ ነው። ክሩ የሚያዝባት አንዲት ቦታ ሁልጊዜ አትጠፋም። እጅ እየደረሰ ማስተካከል አምስት ደቂቃ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ያው ጉድለት ሥራውን ሁሉ ይበላል።

ባሕሩ ከመርከቡ በፊት ይገባል። የመስኮት መስታወት ማጣበቂያ ስቱኮ ከሰማያዊና ከትንሽ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ጋር ይለወስና በእርሳስ ውፍረት ይድቦለቦላል። አንገቱ እንዳይቆሽሽ በወረቀት ቱቦ ውስጥ እያሳለፉ አንድ በአንድ መጣልና ጫፉ እንደ ማንኪያ በተቀጠቀጠ ሽቦ መደምደም ነው። የብስክሌት ጎማ ሽቦ ለዚህ ግሩም መሣሪያ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራና በቂ ርዝመት ያለው። 10 ሚሊ ሜትር ሲሞላ የባሕሩ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መሃሉ ላይ ለአካሉ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ መኝታ ይበጅለታል፤ የማዕበሉ ጫፍ ነጭ ይነካል። ከዚያ አፉ ክፍት ሆኖ ሁለት ሦስት ሳምንት ይደርቃል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ፕላስቲሲን ይመርጣል፤ ያ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል፣ ዘይቱም መስታወቱ ላይ ይወጣል።

መርከቡ የሚገባው በኋላው ነው፤ አፍንጫው ወደ ጠርሙሱ አፍ ይዞራል፣ ክሮቹም ተከትለውት ወደ ውጭ ይቀራሉ። ታጥፎ ከአፍንጫው እንጨት ጫፍ እስከ ዋናው ምሰሶ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። መኝታው ላይ በዝግታ የሚደርቅ ኢፖክሲ ማጣበቂያ አስቀድሞ ይቀባል። ባለአምስት ደቂቃው መርከቡ ሳይስተካከል ይደርቃል። አካሉ ከተቀመጠ በኋላ 24 ሰዓት አትንኩት። ያልያዘ አካል ላይ ክር የሳበ ሰው መርከቡን ራሱን ከባሕሩ ነቅሎ ያመጣዋል።

ሲደርቅ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ የታሰረው የፊተኛው ምሰሶ ክር ይሳባል፤ ዋናው አብሮ ይነሳል። ቀጥሎ የጫፎቹ ክር። እጅ ላይ ድንገት እምቢ ካለ አትጨምሩበት፤ መልሳችሁ አላሉና የተያዘውን በሽቦ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ከሸራው ጠርዝ በታች የገባ የጎን ገመድ ነው። ሁሉም ከቆመ በኋላ ክሮቹ አንገቱ ላይ በፕላስተር ይያዛሉ፤ ውጥረቱ ምሰሶው ሳይጎብጥ ክሩ ቀጥ እስኪል ነው። ከአፍንጫው እንጨት ሥር፣ ክሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ፣ በመርፌ ጫፍ የነጭ ኮላ ጠብታ ይነካል። የሸራዎቹ የታች ማዕዘኖችም በዚያው ይያዛሉ። ሱፐር ግሉ እዚህ ፈጽሞ አይገባም፤ ትነቱ የመስታወቱን ውስጥ ነጭ አቧራ ያስመስለዋል፣ ከሸራውና ከክሩ በስተጀርባ ያለውን ደግሞ ጠርጎ መድረስ አይቻልም። ውጭ ላይ ተጠቅማችሁበት እንኳ ከሆነ መርከቡ አንድ ቀን ይተንፍስ።

ኮላው በነጋታው ሲጠነክር ክሮቹ ይቆረጣሉ። የፖሊስተር ክር ጫፉ በጋለ ሽቦ ሲነካ ቀልጦ ይለያል፤ ትርፉም አብሮ ይጠፋል። የጥጥ ክር ከሆነ ግን ያጨሳል፣ መስታወቱንም ያጠቁራል፤ እሱ ሽቦ ጫፍ ላይ በታሰረ የምላጭ ስባሪ ይቆረጥ። ምላጩን እንጨቱ ላይ ተጭኖ መጋዝ አፍንጫውን ይሰብራል። ክሩን በሌላ እጅ ወጠር አድርጎ ምላጩን ከጎን ማስጠጋት ይበቃል። በአንዴ ሁሉንም አትቁረጡ፤ አንዱን ቆርጣችሁ ምሰሶው ካልተነቃነቀ ሌላውን ቀጥሉ። ከተነቃነቀ የቀሩት ክሮች ገና በእጃችሁ ስለሆኑ ኮላውን ደግሞ ማስነካት ይቻላል።

ቡሹን ለመክደን አትቸኩሉ። ስቱኮውና ኢፖክሲው ሽታቸው እስኪጠፋ፣ ቢያንስ አንድ ወር፣ አፉ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይ። ከተከደነ በኋላ መስታወቱ ላይ ጉም ከታየ ውስጡ እርጥበት አለ ማለት ነው፤ ቡሹ ተነቅሎ በደረቅ ወራት ከፀሐይ ርቆ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከተቀመጠ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ጉሙ ቅባት ያለው ከሆነ ደግሞ ዘይት ነው፤ ሽቦ ጫፍ ላይ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ጥጥ አልኮል ነክሮ፣ ምሰሶዎቹን ሳይነኩ የሚደረስበትን ያህል መጥረግ ነው።